የቪዛ ጉርድ ፎቶ በስልክ ማንሳት፦ እንዳይመለስባችሁ ደረጃ በደረጃ

«ፎቶዬን ሲስተሙ አልቀበል አለኝ፣ ምን ላድርግ?»

ይህ ጥያቄ በተደጋጋሚ ይደርሰኛል። ብዙ ጊዜ ፎቶውም አብሮ ይላካል። ሳየው ሰውየው በደንብ ተዘጋጅቶበታል። ፀጉሩ ተበጥሯል፣ ሸሚዙ ተተኩሷል። ግን ከጆሮው ጀርባ ግድግዳው ላይ ጥቁር ጥላ አለ። ወይም ስልኩ በጣም ስለቀረበው አፍንጫው ከፊቱ ጋር አልመጣጠን ብሏል። ወይም ግድግዳው ፏ ብሎ ፊቱ ጠቁሯል።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄም ያው ነው፦ «በኤዲቲንግ አይስተካከልም?» አይስተካከልም። ፎቶውን በልኩ መቁረጥና የፋይሉን መጠን መቀነስ ይቻላል። ጥላ ማጥፋት፣ ጀርባ መቀየር፣ ቆዳ ማለስለስ ግን ክልክል ነው። ፎቶው የሚፈለገው ፊታችሁ ከፓስፖርታችሁና ከራሳችሁ ጋር እንዲመሳከር ነውና፣ የተነካካ ፎቶ ጥርጣሬ ያስነሳል። ስለዚህ ጥላውም፣ ብርሃኑም፣ ርቀቱም መስተካከል ያለበት ፎቶው ከመነሳቱ በፊት ነው። ከዚህ በታች ካሉት ደረጃዎች ግማሽ ያህሉ ካሜራው ከመከፈቱ በፊት የሚሠሩትም ለዚህ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ጥሩ የኋላ ካሜራ ያለው ስልክ። 12 ሜጋፒክስል ከበቂ በላይ ነው።
- ፎቶ የሚያነሳላችሁ ሰው። ሰው ከጠፋ ትሪፖድና የካሜራው ታይመር።
- ነጭ ግድግዳ፣ ካልሆነ በደንብ የተተኮሰ ነጭ አንሶላ።
- ቀን ላይ ብርሃን የሚያስገባ ትልቅ መስኮት።
- አንድ ትልቅ ነጭ ካርቶን ወይም ነጭ ፎጣ።
- መደገፊያ የሌለው በርጩማ።
- ሜትር፣ ማስመሪያና ሶፍት።

ደረጃ 1፦ የምትሄዱበትን አገር ልክ ጻፉ

«የቪዛ ፎቶ» የሚባል አንድ ዓይነት ፎቶ የለም። ልኩ እንደየአገሩ ይለያያል። ለአንዱ ያነሳችሁት ለሌላው ላይሆን ይችላል። በብዛት የምጠየቅባቸው እነዚህ ናቸው፦

- አሜሪካ፦ 2 በ2 ኢንች፣ ማለትም 51 በ51 ሚሊሜትር። ጀርባው ነጭ ወይም ወደ ነጭ የሚያደላ። ጭንቅላት ከአገጭ እስከ አናት ከ25 እስከ 35 ሚሊሜትር። በዲጂታል ሲሆን ከ600 በ600 እስከ 1200 በ1200 ፒክስል፣ በጄፔግ (JPEG በሚባለው የፎቶ ፋይል ዓይነት)፣ ከ240 ኪሎባይት ያልበለጠ።
- የሼንገን አገሮች (በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች)፦ 35 በ45 ሚሊሜትር። ፊት የፎቶውን ከፍታ ከ70 እስከ 80 በመቶ ይይዛል። ጀርባው ፈዛዛ ቀለም ያለው።
- ካናዳ (የጉብኝት ቪዛ)፦ 35 በ45 ሚሊሜትር። ከአገጭ እስከ አናት ከ31 እስከ 36 ሚሊሜትር።
- ቻይና፦ 33 በ48 ሚሊሜትር፣ ነጭ ጀርባ።
- ሕንድ፦ 2 በ2 ኢንች። ለኢ-ቪዛ የሚጫነው ፋይል አራት ማዕዘኑ እኩል መሆን አለበት።

ከመጀመራችሁ በፊት ግን የኤምባሲውን ወይም የማመልከቻውን ገጽ ከፍታችሁ ልኩን አመሳክሩ። ደንብ ይለወጣል። ገጹ ላይ ካገኛችሁት አራት ነገር በወረቀት ጻፉ፦ ስፋትና ቁመት፣ የፊት መጠን፣ የጀርባ ቀለም፣ የፋይል መጠን። በኋላ ስትቆርጡ ይህ ወረቀት አጠገባችሁ መኖር አለበት።

የፎቶው ዕድሜም ይታያል። ከላይ ካሉት አገሮች አብዛኞቹ ባለፉት 6 ወራት ውስጥ የተነሳ ፎቶ ይጠይቃሉ። የድሮ ቪዛችሁ ላይ ያለውን ፎቶ መልሳችሁ አትላኩ። ሠራተኛው የድሮውን ከፍቶ ጎን ለጎን ሲያየው ወዲያው ያውቀዋል።

ደረጃ 2፦ ጀርባውን አዘጋጁ

ምንም ያልተሰቀለበት፣ ማብሪያ ማጥፊያ የማይታይበት፣ የሰድር መስመር የሌለው ግድግዳ ፈልጉ። ከሌለ አንሶላውን ስቀሉ። አንሶላው ካልተተኮሰ እጥፋቱ መስመር ሆኖ ይወጣል። ከላይ ብቻ ሳይሆን ከታችም ወጠር አድርጋችሁ በፕላስተር ያዙት።

አሁን ዋናው ነገር። ግድግዳው ላይ አትለጠፉ። በርጩማውን ከግድግዳው ቢያንስ 1 ሜትር፣ ቦታ ካለ 1.5 ሜትር አርቃችሁ አስቀምጡ። ሰው ግድግዳ ተደግፎ ሲነሳ ጥላው እዚያው ከጆሮው ጀርባ ያርፋል። ራቅ ሲል ግን ጥላው ወደ ወለሉና ከካሜራው ዕይታ ውጭ ወዳለው የግድግዳ ክፍል ይሄዳል። በኤዲቲንግ ይጠፋ እንደሆን የምጠየቅበት ጥላ፣ አንድ እርምጃ ወደ ፊት በመምጣት ብቻ የሚጠፋ ነበር።

ደረጃ 3፦ ብርሃኑን አስተካክሉ

ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አጥፉ። ፎቶው የሚሰምረውም የሚበላሸውም እዚህ ነው።

ፊታችሁን ወደ መስኮቱ አዙሩ። በመስኮቱና በእናንተ መካከል ከ2 ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ርቀት ይኑር። ካሜራው በእናንተና በመስኮቱ መካከል ይሆናል። ፎቶ አንሺው መስኮቱን በጀርባው እንዳይጋርድ ትንሽ ዝቅ ይበል ወይም ስልኩን ብቻ ወደ መሃል ዘርጋ አድርጎ ይያዝ። መስኮቱ በጎናችሁ ከሆነ ግማሽ ፊታችሁ ይበራል፣ ግማሹ ይጨልማል። መስኮቱ ከጀርባችሁ ከሆነ ደግሞ ፊታችሁ በሙሉ ይጠቁራል።

የምትፈልጉት የቀን ብርሃን እንጂ ፀሐይ አይደለም። ፀሐይ በቀጥታ ፊት ላይ ስትመታ ዐይን ይጨፈናል፣ ከአፍንጫ ሥር ደማቅ ጥላ ይወጣል። ፀሐይዋ ወደ ሌላኛው የቤቱ ጎን የዞረችበትን ሰዓት ምረጡ። ካልተቻለ ስስ ነጭ መጋረጃ ዝጉ። መጋረጃው ብርሃኑን ይበትነዋል። የተበተነ ብርሃን ጥላው ለስላሳ ነው።

የጣራውን አምፖል አጥፉት። ሁለት ችግር ያመጣል። አንደኛ ከላይ ስለሚመታ ከቅንድብና ከአገጭ ሥር ጥላ ይጥላል። ሁለተኛ የአምፖሉ ብርሃን ቢጫ፣ የመስኮቱ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነው። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ካሜራው የትኛውን ነጭ ብሎ እንደሚይዝ ይቸግረዋል። ቆዳችሁ ያልሆነ ቀለም ይይዛል።

ነጩን ካርቶን ወይም ፎጣ ጭናችሁ ላይ ዘርጉት። በፎቶው ውስጥ አይታይም። የሚሠራው ግን ብዙ ነው፤ የመስኮቱን ብርሃን ከታች ወደ ላይ መልሶ ከአገጭና ከዐይን ሥር ያለውን ጥላ ያሳሳል። ፊቱ ጠቆር ያለ ሰው ላይ ለውጡ ወዲያው ይታያል። ካርቶኑን አንድ ጊዜ አድርጋችሁ፣ አንድ ጊዜ አንስታችሁ ሞክሩት።

ማስጠንቀቂያ፦ ፍላሽ አትጠቀሙ። የስልክ ፍላሽ ትንሽ ስለሆነ ግንባርና አፍንጫ ላይ ነጭ ነጥብ ይጥላል። ዐይንን ሊያቀላ ይችላል። ከጀርባም ጠርዙ የተሳለ ጥላ ይተዋል።

ደረጃ 4፦ ልብስ፣ ፀጉር፣ መነጽር

ነጭ ልብስ አትልበሱ። ከነጭ ጀርባ ጋር ሲቀላቀል ትከሻችሁ ይጠፋል፣ ጭንቅላት ብቻ ተንሳፍፎ ይቀራል። ጠቆር ያለና አንድ ዓይነት ቀለም ያለው ልብስ ይሻላል። በጣም ደማቅ ቀይ ወይም አረንጓዴም አልመክርም፤ ቀለሙ አገጭ ላይ ያንጸባርቃል። የሥራ ደንብ ልብስና ወታደራዊ የሚመስል ልብስ አይፈቀድም።

መነጽር አውልቁ። ለአሜሪካ ቪዛ እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 1 ቀን 2016 ጀምሮ መነጽር አይፈቀድም። በሕክምና ምክንያት ማውለቅ የማይችል ሰው ሐኪም የፈረመበት ማስረጃ ያቀርባል። ሌሎች አገሮች ዐይን እስከታየና መስታወቱ እስካላንጸባረቀ ድረስ ሊፈቅዱ ይችላሉ። ቢፈቅዱም ማውለቁ ይሻላል። የመስኮቱ ነጸብራቅ መስታወቱ ላይ ማረፉ አይቀርም።

ፀጉር ከፊት ይነሳ፣ ዐይንና ቅንድብ አይሸፍን። ጆሮም እንዲታይ የሚፈልጉ አገሮች ስላሉ ከጆሮ ኋላ አድርጉት። ፀጉራችሁ ወደ ላይ የቆመ ወይም ከፍ ብሎ የተጠቀለለ ከሆነ ልብ በሉ፤ በአሜሪካው ደንብ የጭንቅላት ቁመት የሚለካው ፀጉሩን ጨምሮ ነው። ፀጉሩ ከፍታውን ሲወስደው ፊቱ ያንሳል። ወደ ኋላና ወደ ታች ብታስይዙት ስትቆርጡ አትቸገሩም።

ኮፍያ ክልክል ነው። በየቀኑ ለሃይማኖት የሚደረግ ሻሽ፣ ሂጃብ ወይም ጥምጣም ይፈቀዳል። ከግንባር እስከ አገጭ፣ ከጉንጭ እስከ ጉንጭ ያለው ፊት ግን በሙሉ መታየት አለበት። ጨርቁ ግንባር ላይ ጥላ እንዳይጥል ጥቂት ወደ ኋላ ግፉት። ነጭ ሻሽ ከነጭ ጀርባ ጋር ስለሚጠፋ ሌላ ቀለም ምረጡ።

ጆሮ ማዳመጫ አውልቁ። ለመስማት የሚረዳ መሣሪያ ግን ይቻላል። የሚያንጸባርቅ ጌጥም ይውለቅ። የግንባርና የአፍንጫ ወዝ በሶፍት ይጠረግ፤ ወዝ በፎቶ ላይ ነጭ ሆኖ ነው የሚወጣው።

ደረጃ 5፦ ስልኩን አዘጋጁ

ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ። ስልክ ቀኑን ሙሉ በእጅና በኪስ ስለሚውል ሌንሱ ላይ የጣት ቅባት አለ። «ፎቶዬ ጭጋግ ጭጋግ ይላል» የሚሉኝ ሰዎች አብዛኞቹ ችግራቸው ይኸው ነው።

ከዚያ እነዚህን አጥፉ፦

- የውበት ሞድና ማንኛውም ፊልተር። አንዳንድ ስልክ ላይ ሳታውቁት ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ ካሜራው ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ እዩት። ቆዳ ያለሰልሳል፣ አንዳንዱ ፊትም ያቀጥናል።
- ፖርትሬት ሞድ። ጀርባ ሲያደበዝዝ የጆሮንና የፀጉርን ጠርዝ አብሮ ይበላል።
- ፍላሽ።

አይፎን ያላችሁ ደግሞ ሴቲንግስ፣ ካሜራ፣ ፎርማትስ ውስጥ ገብታችሁ «ሞስት ኮምፓቲብል» የሚለውን ምረጡ። ያን ጊዜ ፎቶው በጄፔግ ይቀመጣል። አለበለዚያ ኤችኢአይሲ (HEIC) በሚባል ሌላ የፋይል ዓይነት ይቀመጥና ማመልከቻው ላይ አልጫን ይላችኋል።

ደረጃ 6፦ ርቀትና ከፍታ

ሴልፊ አይሆንም። ምክንያቱን በቁጥር እንየው። ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ጆሮ 12 ሴንቲሜትር ያህል አለ እንበል። ሴልፊ ስትነሱ ስልኩ ከአፍንጫችሁ 40 ሴንቲሜትር ቢርቅ፣ ከጆሯችሁ 52 ሴንቲሜትር ይርቃል። ልዩነቱ 30 በመቶ ነው። ለካሜራ የቀረበ ነገር ትልቅ ሆኖ ስለሚታይ አፍንጫ ይገዝፋል፣ ጆሮ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ፊት ይጠብባል። ስልኩ 1.5 ሜትር ሲርቅ ግን ልዩነቱ 8 በመቶ ብቻ ነው። ፊታችሁ የራሳችሁ ፊት ሆኖ ይወጣል።

ስለዚህ ካሜራው ከፊታችሁ ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ይራቅ። በሜትር ለኩት። በግምት ሲሠራ ፎቶ አንሺው ሳያስበው ይቀርባል፤ ስክሪኑ ላይ ፊታችሁ ትንሽ ሲመስለው ነው። አይቅረብ። 12 ሜጋፒክስል ካሜራ በዚህ ርቀት ያነሳው ፎቶ ተቆርጦ 600 በ600 ይወጣዋል። ስልኩ እውነተኛ ባለ 2 እጥፍ ሌንስ ካለው እሱን መጠቀም ይቻላል። 0.5 የሚለውን ሰፊ ሌንስ ግን በፍጹም አትንኩት፤ ፊት ይለጥጣል።

ከፍታው ከዐይናችሁ ጋር እኩል ይሁን። ከላይ ሲነሳ ግንባር ይሰፋል፣ አገጭ ያንሳል። ከታች ሲነሳ የአፍንጫ ቀዳዳ ይታያል፣ አገጭ ይገዝፋል። በርጩማ ላይ ከተቀመጣችሁ ፎቶ አንሺው መንበርከክ ሊኖርበት ይችላል። ስልኩ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያዘነብል ቀጥ ብሎ ይያዝ።

ደረጃ 7፦ አቀማመጥና ፊት

ጀርባችሁን ቀጥ፣ ትከሻችሁን ዝቅ አድርጉ። ሁለቱም ትከሻ እኩል ከፍታ ላይ ይሁን። ሌንሱን በቀጥታ እዩ። ስክሪኑን ወይም ፎቶ አንሺውን ካያችሁ ዐይናችሁ ወደ ጎን የሸሸ ይመስላል።

አፍ ይዘጋ፣ ጥርስ አይታይ፣ ሁለቱም ዐይን በደንብ ይከፈት። ፈገግታ የሚከለከለው ፊታችሁ ስለሚያስቀይም አይደለም። ፊትን የሚያነጻጽረው ማሽን በዐይን፣ በአፍንጫና በአፍ መካከል ያለውን ርቀት ያያል። ስትስቁ አፍ ይሰፋል፣ ጉንጭ ይነሳል፣ ዐይን ይጠብባል።

ብዙ ሰው «ኮስተር በል» ሲባል የተቆጣ ይመስላል። ይህን ሞክሩ። ዐይናችሁን ጨፍኑ፣ በረጅሙ ተንፍሱ፣ ከንፈራችሁን ሳትጫኑ ግጠሙ፣ ከዚያ ዐይናችሁን ክፈቱ። ፎቶ አንሺው በዚያው ቅጽበት ያንሳ።

ደረጃ 8፦ ብርሃኑን ፊት ላይ ለኩና አንሱ

ካሜራ የሚያየውን ሁሉ አማክሎ ነው ብርሃን የሚመጥነው። ነጭ ጀርባ ሲበዛበት «ቦታው በጣም ብሩህ ነው» ብሎ ብርሃኑን ይቀንሳል። የሚጎዳው ፊት ነው። ቆዳችን ጠቆር ያልን ሰዎች ፊታችን ጨልሞ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ፎቶ አንሺው ስክሪኑ ላይ ፊታችሁን ነካ አድርጎ ጣቱን ለጥቂት ሰከንድ ያቆየው፤ ብዙ ስልኮች ላይ ትኩረቱና ብርሃኑ እዚያው ይቆለፋል። ከዚያ የምትወጣውን የፀሐይ ምልክት በትንሹ ወደ ላይ ይጎትት። የጉንጭና የቅንድብ ዝርዝር በግልጽ ሲታይ ያቁም። ግንባር ነጭ ነጭ ማለት ከጀመረ በዝቷል፣ ይመለስ።

ፎቶውን ሲያነሳ ጭንቅላታችሁ መሃል ላይ ይሁን። በአራቱም በኩል ሰፊ ባዶ ቦታ ይተው፤ ትከሻና የደረት ላይኛው ክፍልም ይግባ። ይህ ቦታ ኋላ ለመቁረጥ ያስፈልጋል። አናት ላይ ተጠግቶ የተነሳ ፎቶ ከአናት በላይ ቦታ መጨመር አይቻልም።

ቢያንስ 20 ፎቶ ይነሳ። ዐይን መጨፈን፣ ትንሽ መንቀጥቀጥ፣ ጭንቅላት ማዘንበል ሁሌም አለ።

ደረጃ 9፦ ከቦታችሁ ሳትነሱ ምረጡ

በርጩማውን ከማንሳታችሁ በፊት ፎቶዎቹን አጉልታችሁ እዩ። ዐይን ጥርት ብሏል? ከጆሮ ጀርባና ከአንገት ጎን ጥላ አለ? ሁለቱ ጉንጮች ብርሃናቸው ይመሳሰላል? ጭንቅላት ዘንበል ብሏል? ጀርባው ነጭ ነው ወይስ ግራጫ? ከነዚህ አንዱ ችግር ካለው ያን ፎቶ ተዉት። ሁሉም ላይ ካለ ቦታውን አስተካክላችሁ ድገሙ። አሁን መድገም 5 ደቂቃ ነው። ነገ ሲሆን ግን ብርሃኑም፣ ፎቶ አንሺውም፣ የተተኮሰው አንሶላም አይኖሩም።

ደረጃ 10፦ በልኩ ቁረጡ

መጀመሪያ የፎቶውን ግልባጭ አስቀምጡ። ዋናውን አትንኩ። አንድ ቀን ሌላ አገር ሌላ ልክ ቢጠይቃችሁ ከዋናው ትቆርጣላችሁ።

ለአሜሪካ እንዲህ ነው። ስልካችሁ ላይ ክሮፕ ውስጥ 1፡1 የሚለውን ምረጡ። ጭንቅላት፣ ከአገጭ እስከ ፀጉር ጫፍ፣ የፎቶውን ከፍታ ከ50 እስከ 69 በመቶ መያዝ አለበት። የዐይን መስመር ደግሞ ከታች ጠርዝ ሲለካ ከ56 እስከ 69 በመቶ ላይ ይውላል። 600 በ600 በሆነ ፎቶ ስናሰላው፦

- ጭንቅላት ከ300 እስከ 414 ፒክስል፤
- ዐይን ከታች ጠርዝ ከ336 እስከ 414 ፒክስል ከፍታ ላይ።

ጫፉ ላይ አትንጠልጠሉ፤ መሃሉን ያዙ። ጭንቅላት 360፣ ዐይን 370 አካባቢ ካደረጋችሁ ትንሽ ብትሳሳቱም ከልኩ አትወጡም። ዐይን ከፎቶው መሃል ትንሽ ከፍ ብሎ ሲታይ ትክክል ነው።

ለሼንገን ክሮፑ 35 ለ45 ይሆናል። በስልኩ ምርጫ ውስጥ ይህ ከሌለ 7 ለ9 ብላችሁ ፈልጉ፤ ያው ነው። ፊት ከ45ቱ ሚሊሜትር ከ31.5 እስከ 36 ይይዛል። ከአሜሪካው ጋር ስታነጻጽሩት ፊቱ ፎቶውን ሞልቶት ታያላችሁ። ለአሜሪካ የተቆረጠውን ወደ 35 በ45 መሳብ ወይም መጭመቅ አይቻልም፤ ፊት ይረዝማል ወይም ይሰፋል። ከዋናው ፎቶ እንደገና ቁረጡ።

ማስጠንቀቂያ፦ «የቪዛ ፎቶ እሠራለሁ» የሚሉ አፖች ብዙዎቹ ጀርባውን በራሳቸው ይቀይራሉ፤ አንዳንዶቹ ፊትንም በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ያስተካክላሉ። የጆሮና የፀጉር ጠርዝ በመቀስ የተቆረጠ መስሎ ይወጣል። አፕ ከተጠቀማችሁ ለመቁረጥ ብቻ ይሁን።

ደረጃ 11፦ የፋይሉን መጠን አስተካክሉ

ከ240 ኪሎባይት በታች ለማውረድ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ የፒክስሉን ብዛት ወደ 600 በ600 ወይም 800 በ800 ቀንሱ። ይህ ብቻውን አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ካልበቃ የጄፔጉን ጥራት ወደ 90፣ ከዚያ ወደ 80 አውርዱ። ከልክ በላይ መጭመቅም ጉዳት አለው። የአሜሪካው ደንብ መጭመቁ ከ20 ለ1 እንዳይበልጥ ይላል። 600 በ600 ፎቶ ሳይጨመቅ 1,080,000 ባይት ስለሆነ፣ ከ54,000 ባይት ካነሰ አልፏል ማለት ነው።

ወደ ኮምፒውተር ወይም ወደ ሌላ ሰው ስትልኩ በቴሌግራም «ፋይል»፣ በዋትስአፕ «ዶክዩመንት» አድርጋችሁ ላኩ። እንደ ተራ ፎቶ ከተላከ አፑ በራሱ ይጨምቀዋል፣ ጥራቱ ይወርዳል። ስክሪንሾትም አታንሱ። ስክሪንሾት የስክሪኑ ፎቶ እንጂ የእናንተ ፎቶ አይደለም።

ደረጃ 12፦ ከተጠየቃችሁ አትሙ

በወረቀት ከተፈለገ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) አሳትሙ። በዚህ ልክ 2 ኢንች 600 ፒክስል ነው፤ 35 በ45 ሚሊሜትር ደግሞ 413 በ531 ፒክስል። ባለ 4 በ6 ኢንች የፎቶ ወረቀት ላይ 2 በ2 ኢንች የሆነ ጉርድ ፎቶ 6 ይወጣዋል።

ማተሚያው ላይ «ገጹን እንዲሞላ» የሚለው ምርጫ ክፍት ከሆነ ፎቶውን ያለጥያቄ ያሳድገዋል። በትክክለኛ መጠኑ የሚለውን ምረጡ። ከታተመ በኋላ በማስመሪያ ለኩ። የፎቶውን ስፋት ብቻ ሳይሆን ከአገጭ እስከ አናት ያለውንም ለኩ። ፎቶ ቤት ስታሳትሙም ማስመሪያ ይዛችሁ ሂዱ፣ እዚያው ለኩት። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ ተጭናችሁ አትጻፉ፤ ፊት ለፊት ምልክቱ ይወጣል።

ሕፃን ልጅ ከሆነ

አልጋ ላይ ወይም ወለል ላይ የተተኮሰ ነጭ አንሶላ አንጥፉ። ከመስኮት አጠገብ ይሁን። ልጁን በጀርባው አስተኙትና ከላይ ቀጥ ብላችሁ አንሱ። ጥላችሁ ልጁ ላይ እንዳያርፍ መስኮቱን በጀርባችሁ አትጋርዱ። አንገቱን ያጸና ልጅ ከሆነ የመኪና ወንበሩን በነጭ ጨርቅ ሸፍናችሁ እዚያ አስቀምጡት።

የማንም እጅ አይታይ። የጡጦ ጫፍ፣ አሻንጉሊት፣ ኮፍያ አይታይ። ልጁ ጠግቦና ተኝቶ ከነቃ በኋላ ሞክሩ። ከሌንሱ አጠገብ የሚንኳኳ ነገር ይዛችሁ ድምፅ አሰሙ፤ ወደ ሌንሱ ያያል። አፉን ትንሽ ቢከፍት በጣም ለትንንሾቹ ብዙ ጊዜ ይታለፋል። ዐይኑ ግን መከፈት አለበት። 50 ፎቶ ብታነሱ አይብዛባችሁ።

ሲስተሙ አሁንም አልቀበል ካለ

በዚህ ቅደም ተከተል ፈትሹ፦

1. ፋይሉ በእርግጥ ጄፔግ ነው? የፋይሉን ስም ጫፍ መቀየር ፎርማቱን አይቀይረውም። በፎቶ አፕ ከፍታችሁ እንደገና በጄፔግ አስቀምጡት።
2. መጠኑ ከተፈቀደው ኪሎባይት አልፏል?
3. ስፋቱና ቁመቱ ፍጹም እኩል ነው? 600 በ601 ለዐይን እኩል ነው፣ ለማሽን ግን አይደለም።
4. የፋይሉ ስም ረጅም ነው ወይም ልዩ ምልክት አለው? አጭር የላቲን ፊደልና ቁጥር ብቻ አድርጉት።
5. ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ወደ ፎቶው ተመለሱ። የጭንቅላቱን መጠን ለኩ፣ ጥላውን እዩ።

ሲስተሙ ተቀበለው ማለት ግን ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም። ማሽኑ የሚያየው ጥቂት ነገር ነው። የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጠው የቆንስላው ሠራተኛ ነው። ዲኤስ-160 የሚባለውን የአሜሪካ የኦንላይን ቪዛ ማመልከቻ ቅጽ የምትሞሉ ሰዎች ፎቶው አልጫን ቢላችሁ ቅጹን ጨርሳችሁ የማረጋገጫውን ገጽ አትሙ። ፎቶው መኖር ባለበት ቦታ የኤክስ ምልክት ታያላችሁ። ያን ጊዜ በልኩ የታተመ 2 በ2 ኢንች ፎቶ ይዛችሁ ቃለ መጠይቁ ላይ ትቀርባላችሁ። ሁለት ቅጂ ያዙ፣ እንዳይታጠፍም በጠንካራ ወረቀት መካከል አድርጉት።